ወንበር ሠሪው ዳኛ

ጋሽ ጀማል ስልክ ሲደውል ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሰላም ነው? ደህና ነህ? ሥራ እንዴት ነው? ጤናስ? ሰላም ነው? በዚያ ቀን ግን «ዮናስ፣ ሱቅ ና» ብሎ ዘጋው። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ካለችው ጠባብ ሱቁ ፊት ለፊት መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«ሽማግሌው አረፉ» አለኝ።

የትኛው ሽማግሌ ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራዬ ሽማግሌዎችን ማጠብና ማልበስ ስለሆነ ብዙ ሽማግሌ አውቃለሁ። በእኔና በጋሽ ጀማል መካከል ግን «ሽማግሌው» አንድ ናቸው። ሚስተር ኤምሪስ።

«ልጃቸው ናት የደወለችልኝ። በእንቅልፋቸው ነው አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ጋራዥ ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ምን እናድርጋቸው ትለኛለች።»

«ስንት ናቸው?»

«አምስት።» የመለሰልኝ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መንገዱ እያየ ነው። «ስድስተኛው አንተ ቤት ነው ያለው።»

ስለ ስድስተኛው ወንበር ለመናገር ስለ ሠሪው መናገር አለብኝ።

የተዋወቅነው እንግልውድ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የዴንቨር አዲሱ ኤርፖርት በተከፈተበት ዓመት። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የነርስ ረዳት ነበርኩ። እሳቸው ሰባ አልፏቸዋል፤ የተሰበረውን የሚጠግኑ፣ የላላውን የሚያጠብቁ የቤቱ አናጢ ነበሩ። የመጡት ከዌልስ ነው። ዌልስ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለች፣ የራሷ የሆነ ቋንቋ ያላት ትንሽ አገር መሆኗን ያወቅኩት ከሳቸው ነው። በወጣትነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን ኮሎራዶ ጨርሰዋል፤ አነጋገራቸው ግን አሁንም ከፍ ዝቅ የሚል፣ ሊዘፍኑ ጀምረው የተዉት የሚመስል ነበር።

ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ ነው። ከጆሯቸው ጀርባ ጠፍጣፋ የአናጢ እርሳስ አይጠፋም። ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሲያዳምጡ ቀኙን ያዞራሉ። በሄዱበት ያገኙትን ሁሉ በመሃል ጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፤ በር፣ ጠረጴዛ፣ የአልጋ ራስጌ፣ አንድ ቀን የእኔን የምሳ ዕቃ። ድምፁን ሰምተው ወይ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወይ «አሃ» ይላሉ። «አሃ» ካሉ ያ ነገር ታሟል ማለት ነው። ደግሞ፣ ዕድሜ ልካቸውን ወንበር ሲሠሩና ሲጠግኑ የኖሩት ሰውዬ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ምሳቸውን እንኳ የሚበሉት ቆመው ነው።

አንድ ቀን የሠራተኞች ማረፊያው፣ ብሬክ ሩም ውስጥ፣ በሳምንቱ የምግብ ዝርዝር ጀርባ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ምንድነው የምትጽፈው?»

«ምንም።»

«ምንም የሚጽፍ ሰው ይሄን ያህል አይሰርዝም።»

ግጥም መሆኑን ነገርኳቸው። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከሬዲዮ፣ ከካሴት፣ በእጄ ከገቡ መጻሕፍት ነው የለቃቀምኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ የጻፍኩትን ያነበብኩላቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ አራቱም «ጎበዝ!» ብለውኝ ወደ ወሬያቸው ተመልሰዋል። ሚስተር ኤምሪስ ግን «አንብብልኝ» አሉ።

«በአማርኛ ነው» አልኳቸው።

«አንብብልኝ አልኩህ እንጂ ተርጉምልኝ አልኩህ?»

አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀኝ ጆሯቸውን ሰጥተው፣ አንድ ድምፅ ተመልሶ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛውን ቀስ አድርገው ያንኳኳሉ። አንድ ቃል ሳይገባቸው ቤቱን፣ የስንኙን መድረሻ፣ እየለቀሙት ነበር። ሰባተኛው ስንኝ ላይ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«እዚህ ጋ ቸኮልክ።»

«አልቸኮልኩም።»

«ቸኩለሃል። ሰው እንዲታይበት የማይፈልገው ነገር ጋ ሲደርስ ይሮጣል። ድገመው።»

ደገምኩት። ያን ስንኝ ቤት እንዲመታልኝ ብቻ እንደሰካሁት ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አማርኛ የማያውቅ ሰው በአማርኛ ስሰርቅ ያዘኝ።

በዚያው ቀን ከኪሳቸው በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ አውጥተው «ትፈልጋለህ?» አሉኝ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። ወደ ኪሳቸው መለሱት። እንደገና እስኪሉኝ ጠበቅኩ። አላሉኝም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ከረሜላው ከኪስ ይወጣል፣ «አይ» እላለሁ፣ ይመለሳል። ምሳ ያላመጣሁ ቀን ሳንድዊቻቸውን ለሁለት ከፍለው «ውሰድ» አሉኝ። «ጠግቤያለሁ» አልኩና ግማሿን ሳንድዊች በዓይኔ እስከ አፋቸው ሸኘኋት።

ጉዴን ያወጣው ጋሽ ጀማል ነው። ሚስተር ኤምሪስ የሚኖሩት ከፒዮሪያ ገባ ብላ ባለች ትንሽ ቤት ስለነበር ሻይ ቅጠል የሚገዙት ከሱ ሱቅ ነው። ጋሽ ጀማል መርካቶ ተወልዶ፣ መንዙማ ሲሰማ ያደገ፣ ጆሮው የማይሸወድ ሰው ነው። ጋሽ ይባል እንጂ አንቱታ አይወድም፤ «አንቱ ካልከኝ ሻይ አልቀዳልህም» ይላል። አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም እዚያ ቆመን ሚስተር ኤምሪስ ያን ከረሜላ አወጡ። «አይ» አልኩ። ጋሽ ጀማል ሳቁን ለቀቀው።

«ሚስተር፣ ይሄ ልጅ በረሃብ ሊሞትብዎት ነው! እኛ ዘንድ እኮ አንዴ ተጠይቆ እሺ የሚል ስግብግብ ነው። ሁለተኛውም ላይ እምቢ ይባላል። እውነቱ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።»

የሚስተር ኤምሪስ እጅ ከነከረሜላው አየር ላይ ቀረ። ፊታቸው በራ።

«ሦስት ጊዜ? እኛም ሰላምን የምንጠይቀው ሦስት ጊዜ ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉን ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ያውም ባንድ ትንፋሽ። «ከረሜላ ትፈልጋለህ? ትፈልጋለህ? ትፈልጋለህ?» አዲሷ ነርስ ሰምታ ሽማግሌው ጃጁ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አልጃጁም፣ እኛን እየሆኑ ነው አልኳት።

ሰላምን ሦስት ጊዜ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ጋራዣቸውን ሲያሳዩኝ ነው። መኪና ገብቶበት አያውቅም። የእንጨት ሙጫ ይሸታል። ግድግዳውን ተደግፈው በነጭ አንሶላ የተሸፈኑ አራት ወንበሮች ቆመዋል፤ አምስተኛው ገና እግር እየተሠራለት ነበር። አንሶላውን ሲገልጡት የአንዱ መደገፊያ እንደ ነበልባል ወደ ላይ የሾለ፣ የሌላው ክንድ እንደ ውሃ የተጠማዘዘ ነው።

ወንበሮቹ የሚሠሩለትን በዓል በቋንቋቸው አይስቴድቮድ ይሉታል፤ መቀመጥ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ገጣሚው፣ ዘፋኙ፣ በገና ደርዳሪው በሕዝብ ፊት የሚወዳደሩበት በዓል ነው። በግጥም ያሸነፈ የሚሸለመው ወንበር ነው። ገጣሚው በብዕር ስም ያስገባል፤ እውነተኛ ስሙ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ይቆያል። ዳኛው መድረክ ላይ ቆሞ ፍርዱን ጮክ ብሎ ያነባል። መለከት ሲነፋ ያ የብዕር ስም ያለው ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል። እስኪነሳ ድረስ ማን እንደሆነ አጠገቡ ያለው እንኳ አያውቅም። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰይፍ ከሰገባው እስከ ግማሽ ይመዘዝና ሕዝቡ «ሰላም ነው?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። ሦስቴ «ሰላም!» ብሎ ሲመልስ ሰይፉ ወደ ሰገባው ይገባል፤ ገጣሚውም ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።

«ሰላም ካልሆነስ?» አልኳቸው።

«እስካሁን አይደለም ያለ የለም።»

በዴንቨር ያሉ የዌልስ ተወላጆች ይህን በዓል በዓመት አንዴ ሌክውድ በሚገኝ የቤተክርስቲያን አዳራሽ ያከብሩ ነበር። ወንበሩን የሚሠሩት ሚስተር ኤምሪስ ናቸው። የግጥሙ ዳኛም ሚስተር ኤምሪስ።

«ታዲያ እነዚህ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«የሚገባው ሰው አልመጣም።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«አራት ዓመት ሙሉ።» የነበልባሉን መደገፊያ አንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የበረዶውን ወራት ሁሉ ጎንበስ ብለው ወንበር ይሠራሉ፤ ቅጠል ሲረግፍ ቀጥ ብለው ቆመው ማንም እንዳይቀመጥበት ይፈርዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

በዚያ ዓመት ግጥም በማንኛውም ቋንቋ እንዲገባ ማኅበሩን አስፈቀዱ። ደንቡ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ከዳኛው ጋር ይቀመጥ የሚል ብቻ ነው። ለማን ብለው እንዳስፈቀዱ ግልጽ ነበር፤ እሳቸው ግን ሽምጥጥ አድርገው ካዱ። እኔም «ንስር» በሚል ስም አስገባሁ። ስለ አገሬ ሰማይ፣ ስለ አገሬ ወንዝ፣ ስለ ናፍቆቴ የሚያወራ አርባ ስንኝ። ስጨርሰው ራሴን አስለቅሶኝ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ሃምሳ የማይሞሉ፣ አብዛኞቹ ሽበታሞች ተቀምጠዋል። ሚስተር ኤምሪስ ግራጫ ሱፍ ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ።

«ንስር የተባለው ገጣሚ ጆሮ አለው» አሉ። «ነገር ግን ሩቅ ሩቁን ሲያይ እግሩ ሥር ያለውን አላየም። ናፈቀኝ ያለውን ነገር አንዴ እንኳ ቀርቦ አላየውም። ግጥሙ የተጻፈው እንዲጨበጨብለት ነው። ወንበሩ ዘንድሮም ባዶ ነው።»

ንስር እኔ እንዳልሆንኩ ለማስመሰል አጨበጨብኩ። ከአዳራሹ ሁሉ ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በቀጥታ ጋሽ ጀማል ሱቅ ሄጄ ጮህኩ። ምን ያውቃሉ? የእኛን ግጥም በእንጨት ጆሯቸው ይለካሉ? ጋሽ ጀማል ሻዩን ቀዳልኝና እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አብሬያቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ?»

«እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ዮናስ፣ ወላሂ፣ በሠርጉም በልቅሶውም ሁላችንም የምንለውን ነው ያልከው። አንተ ያየኸው የታለ?»

ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። ለሦስት ሳምንት ሁለቱንም ሸሸኋቸው። ሚስተር ኤምሪስ የገጣሚን ስም ማወቅ ነውር ስለሆነባቸው ያገኙትን ሁሉ «አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አኩርፎኛል፤ ምን እንዳደረግኩት አላውቅም» ይሉ ነበር። እኔ እየሰማሁ።

ያስታረቀን ደወል ነው። ክፍል አሥራ ሁለት ያሉ አዛውንት ደወላቸውን በየአምስት ደቂቃው ያስጮኻሉ። እሮጣለሁ፤ ምንም አይፈልጉም። ወጥቼ ኮሪደሩን ሳልጨርስ ይጮሃል። ዘጠነኛው ላይ ደወሉ ተበላሽቷል ብዬ ለጥገና አመለከትኩ። ሚስተር ኤምሪስ መጡ፤ ሳጥኑን አንኳኩ፤ አዳመጡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደወሉ ደህና ነው። ምን ፈልገው ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም የሚፈልግ ሰው ዘጠኝ ጊዜ አይደውልም።»

መሣሪያቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔ ግን መውጣት አቃተኝ። አዛውንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጌ አየኋቸው። እኔን አይደለም የሚያዩት፤ በሩን ነው። የሚፈልጉት በሩ ሲከፈት ማየት ነበር። ብሬክ ሩም ገብቼ በምግብ ዝርዝሩ ጀርባ ላይ ይህን ጻፍኩ፦

ደወሉን ተጫነ፤ ውሃ አልጠማውም፣
ትራስ አልቆረቆረው፣ ብርድ አልተሰማውም፤
ከበሩ ወዲያ ሰው መኖሩን ሊያይ
ጣቱን ላከ እንጂ ሌላ ጉዳይ የለውም።

ቀሪውን ለመጻፍ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ሥራ ቦታ ስለ ግጥሙ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ሚስተር ኤምሪስ ስጽፍ ካዩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያልፉ ነበር፤ ግድግዳውን እያንኳኩ።

በዓሉ አንድ ወር ሲቀረው ማኅበሩ ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠ። ባዶ ወንበር ለማየት ከቤታችን መውጣት ሰልችቶናል፤ ዘንድሮም የሚቀመጥበት ካልተገኘ በዓሉ እዚህ ላይ ያብቃ አሉ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ሚስተር ኤምሪስ ናቸው፤ ስድስተኛውን ወንበር በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ። እኔ አልቻልኩም።

«ታዲያ ለተሻለው ይስጡት! ዕድሜ ልክዎን የያዙት ነገር በአንድ ወንበር ምክንያት ይጥፋ?»

«ለተሻለው ከሰጠሁትማ ያን ቀን ጠፍቷል።» ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጡ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ እኔም አስገብቻለሁ። አዳራሹ ሞልቶ እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። ዳኛው ከቀረቡት ሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው አለ፤ የእኔን። ቀጥሎ፣ ግን ወንበር አይገባውም አለ።»

«ምን አሉ እርስዎ?»

«ምን እላለሁ? ልክ ነበር። ግጥሙን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ።» ትንሽ አሰቡ። «መካከለኛ ነው።»

እየሳቁ ነበር። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ እኚህ ሰው በዓላቸውን ለማዳን ብለው እንኳ እንደማይዋሹልኝ ገባኝ። ስለዚህ ወደ ቤቴ ሄጄ የቸኮልኩባቸውን ሁለት ስንኞች አወጣሁና «ደወል» በሚል ስም አስገባሁ።

በዕለቱ አዳራሹ ከወትሮው ሞላ፤ ሊሰናበቱት የመጡ ነበሩ። የድሮው መለከት ነፊ ጡረታ ወጥተው ወደ ሌላ ስቴት ስለሄዱ የጋሽ ጀማል ልጅ ሐያት ተተክታለች። ሐያት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በትምህርት ቤቷ ባንድ ውስጥ ትራምፔት የምትነፋ። አባቷ ከሚስተር ኤምሪስ ጎን ወንበር ተሰጥቶት ሱፉ ውስጥ ላቡ ይፈሳል። ከአማርኛው ሌላ ሁለት ግጥሞች ገብተዋል፤ አንዱ በዌልስኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ። ደወል ማን እንደሆነ ጋሽ ጀማል ያውቃል፣ ሐያት ታውቃለች፣ ሚስተር ኤምሪስም ያውቃሉ። ግን ማንም ሊያውቅ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ሚስተር ኤምሪስ ጣሪያውን ያያሉ።

ሁለቱን ግጥሞች በደግነት ሸኟቸው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡ።

«ደወል የተባለው ገጣሚ» አሉና ቆም አሉ። «አልቸኮለም።»

አዳራሹ ቀጣዩን ጠበቀ። እኔ ግን ከዚያ በላይ ምንም መስማት አያስፈልገኝም ነበር።

«አንድም ቦታ አልቸኮለም። ወንበሩ ይገባዋል። ደወል እዚህ ካለ መለከቱ ሲነፋ ይነሳ።»

ሐያት ነፋች። ጥርት ያለ፣ ረጅም ድምፅ። እኔም አልተነሳሁም።

ይህን ለዌልስ ሰው ማስረዳት እንዴት እንደሚቻል እስከ ዛሬ አላውቅም። መነሳት ፈልጌ ነበር። ግን በትልልቅ ሰዎች ፊት፣ ያውም ለክብር ወንበር፣ በመጀመሪያው ጥሪ ብድግ? አንዴ ይድገሙት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እላለሁ በሆዴ። ሰው ሁሉ ዞር ዞር እያለ ይፈልጋል። እጄ ላይ ያለው ፕሮግራም ገጣሚው አንድ ጊዜ ይጠራል፣ ካልተነሳ ወንበሩ ባዶ ይሆናል ይላል፤ አንብቤዋለሁ። የማኅበሩ ሰብሳቢ የሆኑት ቀጭን ሴትዮ ወንበሩን ሊሸፍኑ በቀስታ ተነስተው ነጩን አንሶላ አነሱ። ጋሽ ጀማል ከመድረኩ በዓይኑ ሊገድለኝ ደርሷል፤ መናገር ግን አይችልም።

ሚስተር ኤምሪስ ከጣሪያው ላይ ዓይናቸውን አወረዱ። ወደ እኔ አላዩም። ወረቀታቸውን አዩ። ከዚያ ፊታቸው ያለውን የንግግር ማድረጊያ ሳጥን በጣታቸው አንኳኩ።

«አሃ» አሉ።

«ሐያት፣ ድገሚው።»

«ኤምሪስ፣ ደንቡ አንድ ጊዜ ነው የሚለው» አሉ ሴትዮዋ፣ አንሶላውን እንደያዙ።

«ሰላምን ሦስት ጊዜ እየጠየቅን ገጣሚን አንድ ጊዜ? ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነበር። ንፊ፣ ልጄ።»

ሁለተኛው ላይ ከመቀመጫዬ ግማሽ ያህል ተነሳሁና የተጠራ ሌላ ሰው ያለ ይመስል ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሐያት ሳይነገራት ሦስተኛውን ነፋች፤ ከንፈሯ ደክሞ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ «ካም ኦን፣ ዮናስ!» የሚለውን ከትራምፔቱ ጋር አንድ ላይ የለቀቀችው መሰለኝ። ተነሳሁ።

ያን አዳራሽ እንደዚያ ሲጮህ የሰሙት ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሰይፉ ተመዘዘ። ሚስተር ኤምሪስ በዌልስኛ «ሰላም ነው?» ሲሉ ሁሉም ቆሞ መለሰ፤ በሁለተኛው ላይ ጋሽ ጀማል በአማርኛ «ሰላም!» ብሎ ተቀላቀለ፤ በሦስተኛው ድምፁ ከሁሉም በላይ ሆነ። ከዚያ ወንበሩን አሳዩኝ።

እዚህም ተያዝኩ። አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። እናቴን፣ አያቴን የሚያክሉ ሰዎች ቆመው እኔ እንዴት እቀመጣለሁ?

«ሚስተር ኤምሪስ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«እኔ አልጻፍኩትም።»

«ግድ የለም፣ ይቀመጡ።»

«ያንተ ነው።»

«በሞቴ ይቀመጡ።»

ሦስተኛው ላይ ይሸነፋሉ ብዬ ነበር። ወንበሩን አዩት፤ ሌሊትና ቀን የለፉበትን ክንዱን ዳበሱት። ለአንድ አፍታ ጉልበታቸው የታጠፈ መሰለኝ።

«አይ» አሉ። «ሦስቴ ጠየቅከኝ፣ ሦስቴ እምቢ አልኩ። ጀማል እንዳለው ከሆነ ይሄ እውነተኛው ነው። አሁን ተቀመጥ፤ እግራችን አለቀ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ቆሞ እኔ ተቀመጥኩ። ሊጨብጡኝ አንድ በአንድ ሲመጡ ግን ለእያንዳንዳቸው «ኖር!» እያልኩ ብድግ ማለቴ አልቀረም። የበዓሉ ሥርዓት መስሏቸው እነሱም እየሳቁ «ኖር!» ይሉኝ ጀመር።

በዓሉ ይቀጥል ተባለ። ሚስተር ኤምሪስ ግን የሚቀጥለውን አላዩም፤ በረዶው ሳይቀልጥ አረፉ። ማኅበሩ ውስጥ የቀሩት ጥቂቶች እኔንና ጋሽ ጀማልን ጠርተው ብቻችንን አንችልም፣ አብረን እናድርገው አሉን። አምስቱን ወንበሮች በጋሽ ጀማል ቫን ወደ እኛ አመጣናቸው። በዓሉም በመከሩ አውሮራ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ተደረገ። በአማርኛ፣ በዌልስኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በተቀላቀለም። በደንቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀየርን፤ ገጣሚው ሦስት ጊዜ ይጠራል።

ዳኞቹ እኔና ጋሽ ጀማል ነበርን። የነበልባሉን ወንበር መድረክ ላይ አቆምነው። ሐያት ትራምፔቷን ይዛ አጠገቡ ቆመች። አሥራ አንድ ግጥም ገብቶ ነበር፤ አንደኛው «ሎከር»፣ የተማሪ መቆለፊያ ሣጥን፣ በሚል ስም፣ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ፣ ቤት ውስጥ ስሟ በአንድ ድምፅ፣ ትምህርት ቤት በሌላ ድምፅ ስለሚጠራ ልጅ የተጻፈ። አንድ ቦታ ላይ ትንፋሼን አስይዞኛል። መጨረሻው ጋ ግን ሮጧል። ጋሽ ጀማልና እኔ ሁለት ሳምንት ተከራከርንበት። የመጀመሪያ ዓመታችን ነው፣ ሰው ሁሉ ወንበሩ ሲሰጥ ሊያይ ነው የመጣው፣ እንስጠው አልኩ እኔው ራሴ። ጋሽ ጀማል «ሽማግሌው ቢኖሩ?» አለኝ። ፍርዱን ለመጻፍ ብዕሬን አነሳሁ።

መድረክ ላይ ቆሜ «ሎከር የተባለው ገጣሚ ጆሮ አለው» ስል የገዛ ድምፄ ሌላ ሰው መሰለኝ። «ግን መጨረሻው ጋ ቸኮለ። ወንበሩ ዘንድሮ ባዶ ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ «አበዛችሁት እናንተ ደግሞ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ስል ሐያት ትራምፔቷን ከከንፈሯ አውርዳለች። ዓይኗ ሞልቷል።

«ኢት ዋዝ ማይን» አለች። «የኔ ነበር! ለራሴ ልነፋ ነበር እዚህ የቆምኩት!»

ጋሽ ጀማል እጁን አፉ ላይ ጫነ። የገዛ ልጁን ግጥም ነው ሁለት ሳምንት ሲያንኳኳ የከረመው።

ሰው ከወጣ በኋላ ወንበሩን ልንሸፍን ስንል አሁንም እዚያው ቆማ አገኘኋት። ልጅነቴን ያኔ አየሁት፤ ለንስር ያጨበጨበውን። ምን ልበላት? ሽማግሌው ምንም አላሉኝም ነበር። አጠገቧ ቆምኩና ጠየቅኳት።

«ለሚቀጥለው ዓመት ታስገቢያለሽ?»

«ኖ።»

«ታስገቢያለሽ?»

«ኖ ዌይ! አይ አም ዳን፣ ዮናስ።»

አባቷ አንሶላውን ይዞ እያየን ነው። እሷ የወንበሩን መደገፊያ በጣቷ አንጓ አንኳኳች፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ደግማ አንኳኳች።

«ታስገቢያለሽ?»

ትራምፔቷን ወደ ቦርሳው አስገባች፣ ዚፑን ዘጋች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ዴድላይኑ መቼ ነው?»

«አሥራ አንድ ወር አለሽ» አልኳት።

የግጥሟን መጨረሻ በልቧ እያነበበች መሆኑን ከከንፈሯ አየሁ። ከንፈሯ አንድ ስንኝ ላይ ቆመ።

«አሥራ አንድ ወር አይበቃም» አለች።